የእትዬ ጥሩወርቅ ጡብ

እትዬ ጥሩወርቅ ማረፋቸውን የሰማሁት ሉማሜ፣ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ የመጣ አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው ሲወርድ አንድ የድሮ ጎረቤታችን አየኝና፣ ገና ተጠያይቀን ሳንጨርስ፣ “ባለ ጡቧ እኮ አረፉ፤ ቀብሩ ነገ ነው” አለኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። በዚያ ሰፈር ቤታቸውን በጡብ ያሠሩ ባለጠጎች ነበሩ። ባለ ጡብ ተብለው የሚታወቁት ግን በጭቃ ቤት የሚኖሩት እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ ናቸው። የእሳቸው ጡብ የሚበላ ነው። በእርግጥ የሚበላ የሆነው ቆይቶ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን ለግንብ ይሻል ነበር።

ከልቤ አዘንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ሰማይ ቤት እንደገቡ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወርወር አድርገው፣ ማዕድ ቤቱን እየዞሩ “ይኼ እሳቱ አነሰው፤ ያኛው ሊጡ በደንብ አልታሸም፤ እኔ ምን ቸገረኝ” ሲሉ ታዩኝ።

“እኔ ምን ቸገረኝ” የዘወትር ቃላቸው ነበር። ይህን ብለው ሲያበቁ እጃቸውን ያላስገቡበት የሰው ጉዳይ አላየሁም። ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ ላስተምር የተመደብኩ ሰሞን ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ተግሳጽና የሸሚዝ አንገት ምርመራ ከክፍሉ ጋር አብሮ የሚሰጥ ነበር። ጠዋት ስወጣ “መምህር፣ ይኼን ሸሚዝ ትናንትም ለብሰኸው ነበር፤ እኔ ምን ቸገረኝ” ይሉኛል። ማታ ስመለስ የቀሩት ሸሚዞቼ በሙሉ ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ይህን ደግነት የሚለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን የክፍሌ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ግራ ይገባኝ ነበር።

በድፎ ዳቦ የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ ይህንንም ሌላ ሰው ሳይቀድማቸው ራሳቸው ይመሰክሩ ነበር። ሊጡ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ትልቁ ብረት ድስት ውስጥ ገብቶ፣ ከታችም ከላይም ፍም ተደርጎለት ሲበስል ሽታው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። የሰፈሩ ክርስትናም ሆነ ማኅበር ያለ እሳቸው ዳቦ አይወጣም። ሰውንም የሚመዝኑት በዳቦ ነው። ቆርሶ የጨረሰ ወዳጅ ነው፤ ያስተረፈ ይጠረጠራል፤ አልበላም ያለ ጠላት ነው። እግዚአብሔርም ቀልድ ያውቃልና አንድ ልጃቸው ደሳለኝ ከደምበጫ ያመጣት ሙሽራ ዳቦ የማይስማማት ሆና ተገኘች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄኔ ነው።

ትርንጎ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ረዥም፣ ቅን ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ላይ ለይሉኝታ ትበላ ነበር። በበላች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትተኛለች፤ ስትነሳ ቀሚሷ ይሰፋታል። ስንዴ እንደሚያስነሳባት በገዛ ሆዷ ደርሳበት ነበር፤ ግን ለማን ትናገር? ለድፎ ዳቦ ንግሥት?

ነገሩ አደባባይ የወጣው በለቅሶ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ሞተው ከቀብር መልስ እንደ ደንቡ ንፍሮ ቀረበ። ስንዴው፣ ሽምብራውና ባቄላው አብሮ ተቀቅሎ በሰፌድ ሲዞር ሁሉም እየዘገነ በላ። ትርንጎም አንድ ጭብጥ ዘግና ጥግ ያዘች። ከዚያ ስንዴውን አንድ በአንድ እየለየች ነጠላዋ ጫፍ ላይ ታኖር፣ ሽምብራውን ብቻ ትበላ ጀመር። አንዲት ሴት አየቻትና አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ጎሸመቻት። ጀንበር ሳትጠልቅ ሰፈሩ በሙሉ “የጥሩወርቅ ምራት ለቅሶ ቤት እህል መረጠች” አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሟቿ እንኳ ያን ያህል አልተወራላቸውም።

ሕመሟን ለማወቅ ሰፈራችን የሐኪም ችግር አልነበረበትም። ኮሶ ነው ያሉ ነበሩ፤ ዓይነ ጥላ ነው ያሉም ነበሩ፤ ብልጦቹ ደግሞ ሃይማኖቷን ቀይራ እንደሆነ ቀስ ብሎ እንዲጠየቅ መከሩ። ጠበል ተወሰደች። ጠበሉስ መልካም ነበር፤ ለስንቅ የታሰረላት ግን የገብስ በሶ ስለነበረ ጠዋት የቀለላትን ማታ በሶው ይመልስባታል። በመጨረሻ ደሳለኝ ባሕር ዳር ወሰዳት። እዚያ ያያት ሐኪም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ግሉተን የሚባል ነገር አንጀቷን እንደሚያቆስለው፣ መድኃኒቱም ሁለቱን ፈጽሞ አለመቅመስ እንደሆነ ነገራቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሲሰሙ “ዕድሜ ልኬን ስንዴ ስጋግር አንድም ቀን ግሉተን የሚባል አልወጣልኝም” አሉ። እኔም የተማርኩት ለምን ቀን ነው ብዬ፣ ወረቀት አውጥቼ አንጀት ሣልኩላቸው። ግድግዳው እንዴት እንደሚቆስል በቀስት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ “የማን ነው?” ሲሉ ጠየቁኝ። የሰው ነው አልኳቸው። “የኔ እንዲህ አይዶል” አሉና ወረቀቱን እሳት ማያያዣ አደረጉት።

ይሁን እንጂ ሐኪም ሐኪም ነውና ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ጤፍ እንጀራ ብቻ እንድትበላ ተወሰነ። በላችም። ግን አልዳነችም። ምክንያቱን ያኔ ማንም አላወቀም። እትዬ ጥሩወርቅ፣ እናታቸውና አያታቸው ያደርጉ እንደነበረው፣ ወደ ወፍጮ የሚሄደው ጤፍ ላይ ገብስ ጣል ያደርጉበታል። በክፋት አይደለም። በእሳቸው ቤት ጤፍ ማለት ገብስ ያለበት ጤፍ ነው፤ ንጹሑን ለብቻው መብላት የጥጋበኛ ሥራ ነው። የሚነገር ነገር መሆኑም አልታያቸው። እኔም ለራሴ ከዚያው እንጀራ እየበላሁ ለልጅቱ የአንጀት ሥዕል እሥል ነበር።

በዚህ መሐል ትርንጎ ወላጆቿን ልትጠይቅ ደምበጫ ሄዳ ሁለት ወር ተቀመጠች። የተመለሰችው ጉንጯ ሞልቶ፣ ዓይኗ በርቶ ነው። ደስ አለን። ብዙም ሳትቆይ እንደገና ከሳች። አሁን ሰፈሩ ግሉተን አላስፈለገውም፤ መልሱን አገኘ። ልጅቱ አማቷ ዘንድ ስትሆን የምትከሳው የአማቷ ዓይን ስለሚበላት ነው። ዳቦ እየጋገሩ አገር ሲያበሉ የኖሩት እትዬ ጥሩወርቅ ቡዳ ናቸው ተባሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የትርንጎ አባት አያ ቢተው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ከብት አርቢ ናቸው፤ ትንሽ ተናጋሪ፣ ትልቅ ዱላ ያዥ። እንጀራ ሲቀርብ አልነኩትም። ውኃ ብቻ ጠጥተው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ተናገሩ።

“እኔ ሐኪም አይዶለሁም፤ ከብት አውቃለሁ። ላሜ አንድ መስክ ላይ ከስታ ሌላው ላይ ከወፈረች ላሚቱን አልመታም፤ መስኩን እተዋለሁ። እስከ ፋሲካ አያለሁ። ካልተሻላት ልጄን እወስዳለሁ።”

ደሳለኝ አንገቱን ደፋ። ትርንጎ ጓዳ ሆና ስታለቅስ ይሰማል። መውደዱን ትወደዋለች፤ መሞቱን ግን ማን ይወዳል? እትዬ ጥሩወርቅ እንግዶቹን እስከ በር ሸኙ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ ክፍል መጥተው፣ ሳያንኳኩ እንደ ልማዳቸው፣ ገቡ።

“መምህር፣ ጤፍ ውስጥ ገብስ ቢኖር ይቆጠራል?”

ይቆጠራል አልኳቸው።

“ጣል ያለ ቢሆንስ?”

ጣል ያለም ይቆጠራል አልኩ። ፊታቸው ላይ ያን ዕለት ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም፤ ፈርተው ነበር። “እኔ ምን ቸገረኝ” አሉ በቀጭን ድምፅ፣ ወጡም።

በማግስቱ ጤፋቸውን ለብቻ አበጥረው ወፍጮ ቤት ሄዱ። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ስንዴ ሲፈጭ ውሎ እሳቸው ጤፍ ቢያስገቡ የቀደመው ስንዴ ከጤፉ ጋር ይወጣል። ወፍጮ ጥርሱ ሲደንዝ ድንጋዩ በመዶሻ ይወቀራል፤ በተወቀረ ማግስት የመጀመሪያው ዱቄት ጠጠር ስለሚኖርበት ወረፋውን ሁሉም ይሸሸዋል። የስንዴ ትራፊ የሌለው ድንጋይ ያ ብቻ ነውና እትዬ ጥሩወርቅ ያንን ወረፋ ለመኑ። ባለ ወፍጮው ያበዱ መስሎት ሁለቴ አስደገማቸው። በመጀመሪያ ጠጠሩን ጠራርጎ እንዲያወጣ ርካሽ በቆሎ አስፈጩና ለዶሮ በተኑት፤ በላዩ ጤፋቸውን ገለበጡ። የሰፈሩ ሴቶች ቡዳነቱ ወደ እብደት መዞሩን ተወያዩ። ሐኪሙ ያላሳመናቸውን እትዬ ጥሩወርቅን ሐሜትና አንድ የደምበጫ ከብት አርቢ አሳመኗቸው።

የቤቱ እንጀራ እንዲህ ተስተካከለ፤ ትርንጎም ቀስ በቀስ ቀና ማለት ጀመረች። የቀረው የውጭው ነበር። አማራ አገር ሰው ቤት ሄደው ሳይቀምሱ መውጣት ስድብ ነው፤ ከቀመሰች ደግሞ ሳምንት ሙሉ ትተኛለች። ስለዚህ ዳቦ የሚመስል፣ በነጠላ የሚያዝ፣ ስንዴ ያልነካው ነገር ያስፈልግ ነበር። የድፎዋ ንግሥት የጤፍ ዱቄት አመሱ፤ ኑግ ቆልተው ወቀጡ፤ ሰሊጥ ጨመሩ፤ ከሮብ ገበያ የመጣ ማር አፈሰሱበት፤ ጾም ነውና ቅቤና እንቁላል የለም። በኮባ ቅጠል ላይ ጠፍጥፈው ያንኑ ድስት ከላይና ከታች ፍም አደረጉለት።

የመጀመሪያው ከድስቱ ሲወጣ እንደ ጥንቅሽ ገለባ ተበተነ። ሰው አይቶብኝ ነው አሉ። በሁለተኛው ማሩን አበዙ፤ ያኔ ደግሞ አልተበተነም፣ ምንም አልሆነም፣ ቢላዋም አልገባው አለ። በመጥረቢያ ጀርባ ከፋፍለው አንዱን ለእኔ ላኩ። መንጋጋዬ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያስታውሰዋል። “ይኼ ጡብ ነው” አልኩ በምሬት፤ ስሙ በዚያው ጸደቀለት።

መላው የመጣው በእኔ ስንፍና ነው፤ ይህን ውለታዬን ግን ማንም አይዘክረውም። ለሆዴ ድርቀት ተልባ በጥብጬ ጠጥቼ ብርጭቆውን ሳላጥብ አሳደርኩት። እትዬ ጥሩወርቅ እንደ ልማዳቸው ክፍሌን ሊፈትሹ ገብተው ብርጭቆውን አነሡ። የደረቀው ተልባ ማንኪያውን ከብርጭቆው ጋር አጣብቆ ይዞታል። ስድብ ስጠብቅ ማንኪያውን ሳብ አደረጉ፤ ብርጭቆው አብሮ ተነሣ። “መምህር፣ ለአንዴ እንኳ ጠቀምክ” ብለው ብርጭቆዬን ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የጤፉ ሊጥ በተልባ ውኃ ታሸ፤ ማሩም ተቀነሰ። ያን ዕለት ከድስቱ የወጣው በቢላዋ ቀጥ ብሎ የሚቆረጥ፣ ጥርስ የማያስቸግር፣ የተቆላ ኑግ የሚሸት ነገር ነበር። ጡብነቱ ቀርቶ ስሙ ብቻ ቀረ።

መጀመሪያ በድብቅ ነበር የሚሰጧት። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዛሉ፤ ዳቦው ሲዞር ዓይን አሳስተው ጡቡን ወደ ትርንጎ ያሳልፋሉ። አንድ ክርስትና ላይ ቋጠሮው ላላና ጡቡ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ከትናንት በስቲያ የተጋገረ ስለነበር ድምፅ አለው። እንግዳው ሁሉ ዞሮ አየ። ቡዳ ናቸው የተባሉት አሮጊት ድግስ ላይ ድንጋይ ይዘው ተገኙ። እትዬ ጥሩወርቅ ጎንበስ ብለው አነሡት፤ አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉና በሁሉም ፊት ለትርንጎ ሰጧት። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ለማንም ያልሆነ ንግግር ተናገሩ፤ እኔ ሌባ አይዶለሁም፣ ምራቴም አይዶለች፣ ከዛሬ ወዲያ የሚደበቅ የለም አሉ።

በመጋቢት የማርያም ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበር። አገሩ የሚያውቀው የእሳቸው ድፎ በሰፊ ሌማት ተሸፍኖ እንደሚቀርብ ነው። ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ የነፍስ አባታቸው ጸሎቱን አድርሰው ሊቆርሱ ጨርቁን ገለጡ። ከጨርቁ ሥር ጥቁር፣ አራት ማዕዘን ጡቦች በረድፍ ተደርድረዋል። ዳቦ የለም። ቄሱ ጨርቁን መልሰው ሸፈኑት፤ እንደገና ገለጡት፤ ያው ነው።

“ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ዳቦው የት አለ?”

“እሱው ነው አባቴ፤ ይባርኩት።”

“ስንዴ የለበትም?”

“የለበትም።”

ማኅበሩ ያለ ዳቦ አያውቅም ብለው ቄሱ በልስላሴ አስረዱ። ከወዲያ ጥግም ማጉረምረም ተነሣ። እትዬ ጥሩወርቅ ትርንጎን ከጓዳ በር ላይ ክንዷን ይዘው ወደ መሐል አመጧት። ድምፃቸው ያው የድሮው ነው።

“ይች ልጅ ከገባች ጀምሮ በገዛ ቤቷ ማዕድ እንደ እንግዳ ዳር ዳር ትላለች። ዓይኔ ነው የበላት ብላችኋል፤ ሰምቻለሁ። ዓይኔ አይዶል፤ እጄ ነው። ጤፏ ላይ ገብስ ስጨምር የኖርኩ እኔ ነኝ። ዛሬ እስዎ የባረኩትን እሷ የማትበላው ከሆነ እኔም አልበላም። እመቤቴ ያለ ስንዴ አልቀበልም ካለች እሷ ራሷ ትገለጥልኝና ትንገረኝ።”

ቄሱ ጢማቸውን ለጥቂት ጊዜ አሻሹ። ጤፉም የእግዜር፣ ማሩም የእግዜር ነው አሉና ባረኩት፤ አንዱን በእጃቸው ገምሰው ለባለ ተራዋ ዘረጉ። እትዬ ጥሩወርቅ ተቀብለው ለትርንጎ አጎረሷት። ልጅቱ እያለቀሰች በላች። ከዚያ ሁሉም በላ። ማጉረምረሙ ከመጣበት ጥግ አንዲት ሴት ሌላ ይጨመርልኝ ስትል እትዬ ጥሩወርቅ ገላመጧትና “አንድ አንድ ነው፤ የምራቴ ነው” አሏት።

ለፋሲካ አያ ቢተው ሲመጡ ልጃቸውን አዩ። ላም እንደሚገዛ ሰው ዙሪያዋን ዞረው ተመለከቷት። ጡቡን ቀመሱ። ሲሄዱ ዱላቸውን በአንድ እጃቸው፣ በሌላው ከእትዬ ጥሩወርቅ የተቀበሉትን የጡብ ቋጠሮ ይዘው ነበር። ልጃቸውን ትተው ሄዱ። ትርንጎ በኋላ ሁለት ልጆች ወልዳለች።

እትዬ ጥሩወርቅ በዚያ ሁሉ ተለወጡ እንዳይመስላችሁ። ገብሱን አመኑ እንጂ ሳይንሱን አላመኑም። አንድ ቀን እንግዲህ ስንዴ እንደሚያሳምም ተቀበሉ አይደል ብዬ ልደሰትባቸው ሞከርኩ። “ስንዴ ሰው አያሳምምም። ትርንጎን ያሳምማታል። ሁለቱ ይለያያል” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሰላም አላገኘም። ድግስ ባለበት፣ ለቅሶ በተቀመጠበት፣ ሰው ማዕድ ቤት ሳይጠሩ ገብተው ድስት ይከፍታሉ፤ አንዲት ትንሽ ድስት ያለ ስንዴ ለብቻ ካልተጣደች አይወጡም። ሴቶቹ በጀርባቸው ያሽሟጥጧቸዋል፤ ድስቷን ግን ይጥዳሉ። እኔ ወደ ሉማሜ ስዛወር አንድ ከረጢት ሙሉ ጡብ አስይዘውኝ፣ “መንገድ ላይ ያጠገብህን ተቀማጭ አጉርስ፤ እኔ ምን ቸገረኝ” ብለው ሸኙኝ። መሄዴ ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲነሣ ግን ነጠላቸው ፊታቸው ላይ ነበር።

ለቀብሩ ደረስኩ። ሰዉ ብዙ ነበር፤ ቡዳ ናቸው ያሉትም ከሁሉ አብልጠው አለቀሱ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ትርንጎ ከሐዘንተኞቹ መሐል፣ ዓይኗ አብጦ፣ ተቀምጣለች። ንፍሮው በሰፌድ መጣ። ድስት ከፍተው የሚያዩ ሴት ዛሬ የሉም፤ ትንሿን ድስት ማን ያስታውሳል ብዬ ልቤ ተጨነቀ። ሰፌዱ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘግኜ እጄን አየሁት። ሽምብራና ባቄላ ነው። ጎረቤቴ እጅ ላይ ያለውንም አየሁ፤ ያው ነው። በሰፌዱ ሙሉ አንዲት ፍሬ ስንዴ የለችም።

ሰፌዱን የያዘችው፣ ያኔ በዚያ ለቅሶ ባልንጀራዋን በክርኗ የጎሸመችው ሴት ነበረች። ስንዴው የት ሄደ፣ ያለ ስንዴ እንዲቀቀል ማን አዘዘ ብዬ ጠየቅኋት። ጅል እንደሚታይ አየችኝ።

“ማን ያዛል መምህር? አዛዧን ቀብረን መጣን አይዶል?”

አለፈችኝና ሰፌዱን ለትርንጎ ዘረጋችላት። ትርንጎ በሙሉ እጇ ዘገነች። ሳትመርጥ በላች።